ድራኩላ ጠባቂ አለው፤ ያ ካሴት ያለው ግን አንተ ብቻ ነህ

የአንባቢያችን ደብዳቤ ረዘም ያለ ነበር። አሳጥረን እንዲህ አቅርበነዋል።

«ሰላም እትዬ። 44 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ሰፈራችን ወደነበረው ቪዲዮ ቤት ይወስደኝ ነበር። የድሮ የእንግሊዝ አስፈሪ ፊልሞችን ያየሁት እዚያ ነው። ድራኩላ፣ ፍራንከንስታይን፣ ከመቃብር የሚነሳው ሬሳ። ወንድሜ የዘፈን ካሴትም ይሰበስብ ነበር። የሚወደው ታዋቂዎቹን ዘፋኞች ሳይሆን አንድ ካሴት አውጥተው የጠፉትን ነው። ወደ ስዊድን ሲሄድ አንድ ካርቶን ሙሉ ትቶልኝ ሄደ። አሁን የምንደዋወለው ለበዓል ብቻ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እነዚያን ፊልሞች ከኢንተርኔት እየፈለግኩ ሌሊት ብቻዬን አያለሁ። አንዳንዴ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። ባለቤቴ ‹ሰይጣን ቤታችን እየጠራህ ነው› ትለኛለች። ባለፈው ልጆቼን ሰብስቤ ድራኩላን ላሳያቸው ሞከርኩ። የሌሊት ወፏ ስትመጣ በሳቅ ፈረሱ። ደሜ ፈላ። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ጮህኩባቸው። ትንሿ፣ የ12 ዓመቷ ልጄ አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲህ አጠገቤ አትቀመጥም። ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ጽሑፉ የለቀቀ አንድ ካሴት አለ። የሴት ድምፅ ነው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ማን እንደሆነች አያውቅም። እትዬ፣ ይሄ ነገር በሽታ ነው? ልተወው? — የቪዲዮ ቤቱ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ»

ወንድሜ፣ እትዬ ብለኸኛልና አንተ ልበልህ። በሽታ አይደለም። አትተወውም። አያያዝህ ላይ ግን የምንነጋገረው አለ።

ከሁሉ በፊት ልጅህን። ዛሬውኑ ሂድና ይቅርታ ጠይቃት። «ግን እኮ አንቺም…» የሚል ነገር አትጨምርበት። ልጅቷ የሳቀችው በላስቲክ የሌሊት ወፍ ነው። አንተ ደግሞ ወንድምህና ልጅነትህ የተሳቀባቸው መስሎህ ነው የተናደድከው። እሷ ይሄን በምን ታውቃለች? ስለ ቪዲዮ ቤቱ ነግረሃት ታውቃለህ? ደብዳቤህ ውስጥ አላየሁትም። ፊልሙን ከፈትክላቸው እንጂ ለምን እንደምትወደው አልነገርካቸውም።

ደግሞስ ቪዲዮ ቤት ውስጥ አይሳቅም ነበር እንዴ? እዚያ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጨለማ ክፍል፣ ጀርባ የሌለው አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ የተንጠለጠለ መጋረጃ፣ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ የተቀመጠ አንድ ቴሌቪዥን። ጭራቁ ከኋላ ሲመጣ አንዱ ተነስቶ «ዙር! ከኋላህ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ሌላው ያፏጫል። የፈራው ልጅ ፊቱን በሹራቡ ይሸፍናል፤ ጓደኞቹ እሱን እያዩ ይስቃሉ። እንግሊዝኛ የገባው አንድ ትልቅ ልጅ የተባለውን ያልተባለውንም ጨማምሮ ያስረዳል። ፍርሃቱና ሳቁ አብረው ነበሩ። ልጆችህ ያንተን ቪዲዮ ቤት ሳሎንህ ውስጥ ከፍተውልህ ነበር፤ አንተ ዘጋህባቸው።

በፊልሞቹ መሳቅ ሠሪዎቹን መናቅ አይደለም። ያየሃቸው አብዛኞቹ ሀመር የሚባል ትንሽ የእንግሊዝ ኩባንያ የሠራቸው ይመስሉኛል። እነ ሀመር በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ብሬይ የሚባል መንደር አጠገብ የነበረን አንድ አሮጌ ትልቅ መኖሪያ ቤት ስቱዲዮ አድርገው ነበር የሚሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1957 ፍራንከንስታይንን፣ በ1958 ድራኩላን በቀለም አወጡ። ከዚያ በፊት የነበሩት የአሜሪካ ድራኩላና ፍራንከንስታይን ጥቁርና ነጭ ስለነበሩ ያ ቀይ ደም ተመልካቹን አስደነገጠው። ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። በርናርድ ሮቢንሰን የተባለው የትዕይንት ንድፍ ባለሙያ አንዱን አዳራሽ ቀለሙን ቀይሮ፣ ምሰሶውን አዛውሮ ለሌላ ፊልም ያውለዋል። በ1966 የወጣው የድራኩላ ፊልምና የራስፑቲን ፊልም ተከታትለው የተቀረጹት እዚያው ስቱዲዮ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ጄምስ በርናርድ ለድራኩላ የሠራውን ዜማ ደግሞ አንዴ ጆሮህን ሰጥተህ ስማው። ነሐሱ የሚጮኸው በስሙ ልክ ነው፤ ድራ-ኩ-ላ! ይሄን ለልጆችህ ብቻ ንገራቸው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ በተከፈተ ቁጥር አብረው ነው የሚጮኹት።

ተዋናዮቹም ሳቅ የሚጠሉ ሰዎች አልነበሩም። ድራኩላን የተጫወተው ክሪስቶፈር ሊ ደጋግሞ የሚያወራው ታሪክ አለ። በ1957ቱ ፊልም የፍራንከንስታይንን ፍጡር ሆኖ ሲሠራ አንድም የሚናገረው ቃል አልነበረውም። ተናዶ አብሮት ወደሚሠራው ተዋናይ ወደ ፒተር ኩሺንግ ሄደና «ምንም የምናገረው የለኝም» አለው። ኩሺንግም «ዕድለኛ ነህ፤ እኔ ጽሑፉን አንብቤዋለሁ» ብሎ መለሰለት። ሁለቱ ከ20 በላይ ፊልሞች ላይ አብረው ሠሩ፤ ኩሺንግ በ1994 እስኪሞት ድረስም ወዳጅነታቸው አልላላም። ካሜራው ፊት ሲቆሙ ግን ቀልድ የለም። የ1958ቱን ድራኩላ መጨረሻ አስታውስ። የድራኩላ አዳኝ ሆኖ የሚጫወተው ኩሺንግ ጠረጴዛ ላይ ሮጦ መጋረጃውን ይቦጭቃል፤ ሁለት መቅረዝ አንስቶ በመስቀል ቅርጽ ያነባብራል፤ ድራኩላን ወደ ፀሐዩ ብርሃን ይገፋዋል። የመቅረዙ ሐሳብ የራሱ የኩሺንግ ነበር። ሰውየው ይሄን ሁሉ የሚያደርገው ዓለም በእሱ እጅ ላይ እንዳለች አምኖ ነው። ብዙ ገንዘብ ፈሶባቸው ልብ የሌላቸውን የዛሬ አስፈሪ ፊልሞች ሳይ ያ እምነት ይናፍቀኛል። አንተም የምትወደው እሱን ይመስለኛል፤ የላስቲክ ወፍ ይዘው እንኳ ከልባቸው መሥራታቸውን።

ስለዚህ ድጋሚ ስትሞክር ከዚያኛው ከ1958ቱ ጀምር። 82 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ልጆች አይሰለቹም። ሲወጣ በእንግሊዝ አገር ለአዋቂ ብቻ ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ድጋሚ ሲኒማ ሲገባ ግን ለ12 ዓመት ልጅ እንደሚሆን ተወስኗል፤ ለትንሿም ይሆናል። የ1970ውን «ስካርስ ኦፍ ድራኩላ» ግን ለሌላ ቀን አቆየው። የዚያ ፊልም የሌሊት ወፎች እውነትም ያስቃሉ፤ ጭካኔውም በዝቷል። እያስቆምክ አታስተምራቸው። «አሁን እዩ፣ አሁን እዩ» አትበል። ሲስቁ አብረህ ሳቅ፤ ጠጋ ብለው እጅህን ሲይዙ ደግሞ ዝም በል።

አሁን ወደ ባለቤትህ ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ወንዶች ይሳሳታሉ። «እሷ አይገባትም» ይሉና ነገሩን ይዘጉታል። በእኛ አገር ሰይጣን የሚለው ቃል ተራ ቃል አይደለም። የቤቷን ሰላም በጸሎት የምትጠብቅ ሴት ሳሎን ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ የሬሳ ሳጥን ሲከፈት ብታይ መፍራቷ አያስወቅሳትም። አትከራከራት። በሀመር ፊልሞች ውስጥ መስቀል እንደሚያሸንፍ ልትነግራት ትችላለህ፤ እውነትም ነው፤ ዳይሬክተሩ ቴረንስ ፊሸር ታሪኩን የሚያየው የክፉና የደግ ትግል አድርጎ ነው። ግን ለመርታት ብለህ አታንሳው።

ይልቅ ደብዳቤህን እንደገና አንብበው። «ሌሊት»፣ «ብቻዬን»፣ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት»። ሚስትህ ጠዋት የምታየው ዓይኑ የቀላ፣ ቁርስ ላይ የማያወራ ባል ነው። ብትጠይቃት ከድራኩላው ይልቅ ከጎኗ ተነስተህ መሄድህ ሳይከብዳት አይቀርም። በዚህ ላይ ተስማሙ። ሌሊት አይታይም። በጾም አይታይም፣ እሷ የምትፈልገው ከሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ መብራት በርቶ፣ ልጆቹ ባሉበት ይታያል። መቀመጥ ካልፈለገች አትጎትታት፤ ቡናዋን ይዛ ወጥ ቤት ብትሆን ግድ የለም። የቤተሰቧ ሳቅ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማታል።

ለምን ብቻህን እንዳትሆን አጥብቄ እንደምነግርህ ላስረዳ። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ኮንስታንቲን ሴዲኪደስና ቲም ዊልድሹት የትዝታን ነገር ለዓመታት አጥንተዋል። ሰዎች ትዝታቸውን ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ከሚወዱት ሰው ጋር የሆኑበትን ጊዜ ነው የሚጽፉት። ትዝታን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ደግሞ ብቸኝነት ነው። ትዝታው ሲመጣም ሰውን መልሶ ከሰው ጋር ያቀራርበዋል። ሌላም የታወቀ ነገር አለ። ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ ከ10 እስከ 30 ዓመቱ የሆነውን ከሌላው ዕድሜ አብልጦ ያስታውሳል። አንተ ያ አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ 12 ወይ 13 ዓመትህ ነበር፤ ልክ መግቢያው ላይ። እና ከጎንህ ማን ነበር? ወንድምህ። ዛሬ ያን ፊልም በሌሊት ብቻህን ስትከፍተው የጎደለው እሱ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ትከፍታለህ፣ ከዚያም ሌላ። ፊልሞቹን መውደድህ እውነተኛ ነው። ቢሆንም ፊልም ብቻውን ያን ቦታ አይሞላውም።

እዚህ ላይ ነው ካርቶኑን የማነሳው። ደብዳቤህን ሳነብ ለድራኩላ ብዙ መስመር ሰጥተህ ካሴቶቹን መጨረሻ ላይ በጨረፍታ አለፍካቸው። እኔ ብሆን እገለብጠዋለሁ።

ድራኩላ ጠባቂ ሞልቶታል። የ1958ቱን ፊልም የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2007 አድሶታል። ድራኩላ አመድ ከሚሆንበት ትዕይንት ሳንሱር የቆረጣቸው ጥቂት ሰከንዶች ደግሞ ለአሥርት ዓመታት የሉም ሲባሉ ኖረው ቶኪዮ ውስጥ ከእሳት አደጋ በተረፈ ቅጂ ላይ ተገኙ። በ2013 በወጣው ቅጂም ላይ ተመልሰው ገቡ። ለእነዚያ ሰከንዶች አኅጉር አቋርጦ የሚፈልግ ሰው አለ። የካሴቷ ጽሑፍ የለቀቀውን ዘፋኝስ ማን ይፈልጋታል? ማስተሩ፣ ማለትም የመጀመሪያው ዋና ቅጂ፣ በየትኛው ሙዚቃ ቤት ቀርቶ እንደተጣለ ማን ያውቃል? ምናልባት ድምፅዋ በሕይወት ያለው አንተ ቤት ውስጥ ብቻ ይሆናል።

ይሄን ስል አጋንኜ አይደለም። የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ታውቀው ይሆናል። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርዲስት በ1981 እ.ኤ.አ. ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ራሱ እየተጫወተ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ዓመታት አለፉ፤ እሱም ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ካሴቱን ባሕር ዳር አንድ ካሴት ቤት ውስጥ አገኘው። በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ከአገር አገር ዞረ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ይሄ ሁሉ የሆነው አንድ ቅጂ ሳይጣል ስለቆየ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ካሴቱን ቴፕ ውስጥ ከመክተትህ በፊት በደንብ እየው። ክሩ ላይ ነጭ ብናኝ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው አታጫውተው፤ ለባለሙያ አሳየው። ክሩ ጋር የምትነካው ትንሿ ስፖንጅ በቦታዋ መሆኗን ተመልከት፤ በዕድሜ ብዛት ትላቀቃለች፤ ከወደቀች ድምፁ ይደበዝዛል። ከላይ በኩል ጠርዙ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶችም እያቸው። ያልተሰበሩ ከሆነ ስበራቸው፤ የተሰበሩ ሆነው ፕላስተር ተለጥፎባቸው ከሆነ ፕላስተሩን አንሳው። አለበለዚያ ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ በስህተት የተጫነ እጅ ዘፈኑን ሊያጠፋው ይችላል። ፕላስተሩ ሌላም ነገር ይነግርሃል፤ በኦሪጅናል ካሴት ላይ ተደርቦ የተቀዳ ሊሆን ስለሚችል ሽፋኑ ላይ ያለውን አትመን።

ቴፑን ደግሞ የተገኘውን አትጠቀም። ካሴት የሚበላ ቴፕ ሁላችንም እናውቃለን። ሄዱን፣ ክሩን የሚያነበውን ብረት፣ በአልኮል ባረጠብከው ጥጥ ጥረገው፤ እስኪደርቅ ጠብቅ። መጀመሪያ ሌላ ዋጋ የሌለው ካሴት ሞክርበት። ከዚያ ያንን ካሴት አንድ ጊዜ እስከ ዳር አጠንጥነህ መልሰው፤ ለዓመታት አንድ ቦታ የቆመ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከቴፑ ወደ ኮምፒውተር በኬብል አገናኝ፤ ኦዳሲቲ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃሃል። መጀመሪያ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዋቭ ፋይል አስቀምጠው፤ ኤምፒ3 ከዚያ በኋላ ይወጣለታል። የክሩን ሹክሹክታ ለማጥፋት ብለህ ድምፅዋን እንዳታበላሸው፤ ያልተነካውን ቅጂ ለብቻው አኑር። ሁለት ቦታ አስቀምጥ፤ አንዱ ከቤትህ ውጭ ይሁን። የቪዲዮ ካሴትም ካለህ አትዘግይ። የማጫወቻው የመጨረሻ አምራች የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት አቁሟል፤ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ አሮጌ ነው።

ይሄን ሥራ ብቻህን አትሥራው። ኮምፒውተሩን ለልጆቹ ስጣቸው። ካሴት በእስክሪብቶ እንዴት እንደሚጠነጠን አንተ አሳያቸው፤ የቀረውን እነሱ ያሳዩሃል። ትንሿ ልጅህ በየካሴቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እየገለበጠች መዝገብ ትያዝ። ስም፣ ባንድ፣ ሙዚቃ ቤት፣ ያለውን ሁሉ። ለቅሶዋን የሚያስረሳት አንተ አምነህ የሰጠሃት ሥራ ነው።

ያልታወቀችውን ዘፋኝ ስትፈልግ «ይቺን ድምፅ ታውቃላችሁ?» ብቻ እያልክ አትጠይቅ። አጃቢውን አዳምጥ። በዚያ ዘመን እነ ሮሃ ባንድና ኢትዮ ስታር ባንድ ለብዙ ዘፋኝ አጅበዋል። ዘፋኟን የረሳ ሙዚቀኛ የራሱን ጊታር አይረሳም። መርካቶና ፒያሳ የነበሩ ሙዚቃ ቤቶችን የሚያውቁ የድሮ ሰዎችም አሉ። ከዩቲዩብ ግን እጅህን ሰብስብ። ዘፋኟ ወይም ወራሾቿ መብት አላቸው፤ የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 አለ፤ ከሕጉም በላይ ሰው ሳይጠየቅ ሥራው አይበተንም። ለማፈላለግ ግማሽ ደቂቃ ለሚያውቁ ሰዎች ማሰማት ይበቃል።

የመጀመሪያው አድማጭ ደግሞ ስዊድን ነው ያለው። ካሴቱን የገዛው እሱ አይደል? ለምን እስካሁን እንዳልጠየቅከው ገርሞኛል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ አያውቅም ትላለህ፤ ወንድምህ ግን ከተጠየቁት ውስጥ የለም። ለበዓል ብቻ የሚደዋወሉ ወንድማማቾች ስልኩ ላይ «ደህና ናችሁ፣ ደህና ነን» ተባብለው ነው የሚዘጉት፤ ሌላ የሚያወሩት ይጠፋቸዋል። አሁን የምታወሩት አላችሁ። በዓል አትጠብቅ። ግማሽ ደቂቃዋን ቆርጠህ በቴሌግራም ላክለት፤ «ይቺ ማን ናት?» በለው። ቀጥሎ «ቅዳሜ ከሰዓት ከልጆቹ ጋር ድራኩላን እናያለን፤ አንተም እዚያ ክፈተው» በለው። ስልኩን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁመው። «ዙር! ከኋላህ ነው!» የሚለውን ድርሻ ለእሱ ተውለት።

የዘፋኟን ስም ካስታወሰ ጻፍልኝ። ካላስታወሰ ደግሞ አጃቢውን፣ የዘፈኑን የመጀመሪያ ስንኝና የካሴቱን ቀለም ጽፈህ ላክልኝ፤ በዚሁ ዓምድ አወጣዋለሁ፤ ከአንባቢዎቻችን አንዱ ያውቃት ይሆናል።